አክስቴ እና የከተማችን ውሃ

መጀመሪያ ያየሁት ካቻቪቴውን ነው። አናጺ እርሳሱን ከጆሮው ኋላ እንደሚሰካ፣ አክስቴ እንደ ስንደዶ የቀጠነች፣ ቀይ እጀታ ያላት ካቻቪቴ ትሰካለች። ሕፃን ሳለሁ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ሌሎች ሴቶች ጉትቻ አላቸው፣ እሷ ካቻቪቴ አላት፣ በቃ። ረስታው ባንክ ትገባለች፤ ጥበቃው ካቻቪቴውን በትሕትና ይቀበላታል። ረስታው ፀጉር ቤት ትገባለች፤ ፀጉር ሠሪዋ አውጥታ መስተዋቱ ሥር ታስቀምጥላታለች። አንድ ቀን ደግሞ ረስታው ጋደም ብላ፣ ባሏ ጉንጩን ተወግቶ ብድግ አለ። “የሰው ሚስት በነገር ትወጋለች፣ የኔዋ በመሣሪያ” እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከከተማችን ዳር ባለው የወተት ፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነች። የሚሞቀው ምን ያህል እንደሞቀ፣ የሚቀዘቅዘው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ እንዲታወቅ ማድረግ የእሷ ሥራ ነው። ሠራተኞቹ “እትዬ ልክ” ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ከአፏ ከማይጠፋው ቃል ነው፦ “ልክ አይደለም።” ሰው ቤት እንግዳ ሆና ስትገባ ከመቀመጧ በፊት የተንጋደደውን የግድግዳ ፎቶ ታቃናለች። ሐኪም ትኩሳት አለብሽ ሲላት “ይቺ መለኪያ የተፈተሸችው መቼ ነው?” ብላ ጠይቃዋለች። ሐኪሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ባሏን እኔም ሰፈሩም “ጋሼ” ነው የምንለው። እዚያው ፋብሪካ፣ የወተት ማሞቂያው ላይ ነው የሚሠራው። ወተቱ በቧንቧ ሲያልፍ እንፋሎቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። እናቴ “እሱ ያሞቃል፣ እሷ ትለካለች፤ ትዳራቸውም እንዲሁ ነው” ትላለች። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሽያጭ ክፍል ስልክ ማንሣት ጀመርኩ። ያስገባችኝ አክስቴ ናት። “ግጥም የምትጽፍ ልጅ የተቆጣ ሰው ማብረድ አያቅታትም” ብላ ነው አሉ ያሳመነቻቸው።

የተቆጣ ሰው ግን በዛ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ወተቱ ከየሱቁ ይመለስ ጀመር። “ትናንት የገዛሁት ዛሬ ጎመዘዘ” ይላሉ። “ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር እኮ” ይላሉ። አንድ ሰውዬ ደውለው፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ “ወተት አዝዤ እርጎ ላካችሁልኝ፤ ለእርጎው አመሰግናለሁ፤ ወተቱን መቼ ልጠብቅ?” አሉኝ። ምን ይመለሳል? ግጥም እዚያ ላይ አይረዳም።

ጥሬው ወተት ተፈተሸ፤ ደህና ነው። ማቀዝቀዣው ታየ፤ ደህና ነው። የቀረው ማሞቂያው ነው፤ ማሞቂያው ላይ ያለው ደግሞ ጋሼ ነው። ወተቱ ሰባ ሁለት ዲግሪ ካልደረሰ የሚያጎመዝዘው ነገር አይሞትም። ጋሼ ኳስ እንዳያመልጠው ወተቱን ሳይሞቅ ቶሎ ቶሎ ያሳልፋል የሚል ወሬ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን ግን በስብሰባ ነው የሚገልጸው። ሰብስቦን፣ ጋሼን ሳያይ፣ ጣራውን እያየ እንዲህ አለ፦ “ማሞቂያው ላይ ትራንስሚተር ይገጠማል። ሙቀቱን ራሱ ለክቶ በሽቦ መቆጣጠሪያ ክፍል ያደርሳል። ከዚያ ማን ምን እንደሚሠራ እዚያው እናያለን። ጥፋቱ የሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ወደ ሳጥን ማጠቢያ ይዛወራል።”

ሳጥን ማጠቢያው ጓሮ ነው። አዲስ ተቀጣሪ የሚጀምርበት፣ ባዶ የወተት ሳጥኖች በቱቦ ውሃ የሚታጠቡበት። ዕድሜውን ሙሉ ወተት ሲያሞቅ ለኖረ ሰው እዚያ መመለስ ማለት፣ አስተማሪን አንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ትራንስሚተሩን የምትገጥመው ማን ነች? አክስቴ።

“እንግዲህ” አለ ጋሼ በዚያን ቀን ምሳ ላይ፣ “ሌላው ባል ኪሱን ይፈተሻል፣ እኔ ሙቀቴን ልፈተሽ ነው።”

“ንጹሕ ከሆንክ ምን አስፈራህ?” አለች አክስቴ።

“ንጹሕ ነኝ። ሰዓቱን ሰባ ሁለት ላይ ነው የምይዘው። ወተቱ ግን ገና ነኝ፣ ገና ነኝ ብሎ ይሸተኛል።”

“ሽታ ቁጥር የለውም።”

“አፍንጫ ግን አለው።”

“ሰዓቱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ” አለች፤ ክርክሩም በዚያ አለቀ። “ሰዓቱ” የሚሉት ማሞቂያው ላይ ያለውን ባለ ቀስት ቴርሞሜትር ነው። ፊቱ የግድግዳ ሰዓት ይመስላል። ክረምቱ ሲገባ መስታወቱ ተሰብሮ አክስቴ አውርዳ ጠግናው ነበር። ስትጠግነውም ዝም ብላ አልሰቀለችውም፤ በፈላ ውሃ ነክራ፣ ቀስቱን በትንሿ ብሎን መቶ ላይ አምጥታ ነው የመለሰችው። ጋሼም ከዚያ ወዲያ የራሱን አፍንጫ ተቆጣው እንጂ ሰዓቱን አልጠረጠረም።

የመግጠሚያው ቀን እሑድ ነበር፤ ማሞቂያው ከሰዓት በፊት ቆሞ የሚታጠብበት። ስልኩ ጸጥ ስላለ ወደ ጥገና ክፍሉ ወረድኩ። አክስቴ ካርቶኑን የምትከፍተው የቁስል ፋሻ እንደምትፈታ ቀስ ብላ ነው። ውስጡ እንደ እስክሪቢቶ የረዘመ የብረት ዘንግ አለ፤ ራሱ ላይ ደግሞ ክብ የብረት ቆብ።

“ጫፉ ውስጥ የፕላቲኒየም ክር አለ” አለችኝ። “ሲሞቀው ኤሌክትሪኩን መንገድ ይነሣዋል። እንደ ጋሼሽ ነው፣ ሲሞቀው አያሳልፍም። ቆቡ ውስጥ ያለው ትራንስሚተር ምን ያህል እንደነሣው ዓይቶ ሙቀቱን ያውቃል።”

“ሰምቻለሁ” አለ ጋሼ ከበሩ። የመጣው ጎማ ቦቲውን ሊያደርቅ እንደሆነ ተናገረ። ቦቲው ደረቅ ነበር።

ከዘንጉ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ፣ ሁለት ቀይና አንድ ነጭ። ለመለካት ሁለት ሽቦ ይበቃል፤ ሦስተኛው ለምንድን ነው ስላት፣ ሽቦው ራሱ በርዝመቱ የሚጨምረውን ስሕተት ለመቀነስ ነው አለችኝ። እኔ በደስታ ግድግዳ ተደገፍኩ። ከሦስት አንዱ ሥራው የራሱን ወገን ውሸት መቀነስ ብቻ የሆነ ጓድ አስቡ።

“ምን ሆነች?” አለ ጋሼ።

“ግጥም መጣባት” አለች አክስቴ ቀና ሳትል። “ይተዋታል።”

ከመገጠሙ በፊት መፈተሽ አለበት። መጀመሪያ በረዶ ሰባብራ ከውሃ ጋር ፔርሙስ ውስጥ ጨመረች። በረዶ ብቻውን አይሆንም፣ ውሃም ብቻውን አይሆንም፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲኖሩ ነው ዜሮ የሚሆነው። ዘንጉን ነከረች። ትራንስሚተሩ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዟል፤ ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ላይ ተኛ። አክስቴ እንደ እናት ፈገግ አለች።

ቀጥላ የማንቆርቆሪያውን ውሃ አፈላች። ውሃው ሲንተከተክ ዘንጉን ነከረች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ።

“ልክ አይደለም” አለች።

ጠበቅን። ውሃው ክዳኑን እያንጫጫ ይፈላል፤ ቁጥሩ ዘጠና ሁለት። ሽቦዎቹን ፈትታ አሰረች። ዘጠና ሁለት። ለመጠባበቂያ የተቀመጠውን ሌላ አዲስ ዘንግ አመጣች። በበረዶው ዜሮ፣ በፈላው ዘጠና ሁለት።

“ሁለቱም ተመካክረው ነው” አለ ጋሼ።

አክስቴ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ማያው ላይ ቁጥር የሚጻፍበት አንድ ሳጥን ተከፍቷል። እዚያ ውስጥ መቶ ብላ ብትጽፍ ትራንስሚተሩ ዘጠና ሁለቱን መቶ ይለዋል፤ መሣሪያው ለታዛዥነት የተፈጠረ ነው። ጣቷ ከቁልፎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ፣ ውሃ በስንት ይፈላል አሉሽ?”

“በመቶ።”

“እኔንም በመቶ ነው ያሉኝ” አለችና ኩርሲው ላይ ቁጭ አለች። አክስቴ ሥራ ላይ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

የተማረችው በባሕር ዳርቻ ባለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ ማዕበሉ መስኮት ሥር የሚመጣበት። “መምህሩ አንድ ነገር ብሎ ነበር” አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። “ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በመቶ ይፈላል ነው ያለው። እኛ ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ የሚለውን አልሰማነውም። ባሕሩ እዚያው በር ላይ ነው፣ ምን ሌላ ጠለል አለ? ከፍ ወዳለ አገር ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውን የሚጫነው ይቀንሳል። ቶሎ ይፈላል። እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው።”

“ድንቹ” አለ ጋሼ በድንገት።

“የምን ድንች?” አልኩ።

“እዚህ ተዛውራ እንደተጋባን ድንቹ አይበስልላትም ነበር። ሲፈላ ይውላል፣ አይበስልም። መጀመሪያ ድንቹን ሰደበችው፤ ከዚያ ምድጃውን፤ ከዚያ ድስቱ የእናቴ ነው ብላ ወደ እናቴ መጣች። ድስቱን እኮ አስጥላኛለች።”

“ድስቱ ስስ ነበር” አለች አክስቴ።

“ውሃው ነበር” አለ ጋሼ። “እናቴ ተበድላለች።”

እኔ ማንቆርቆሪያውን እያየሁ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት ትኩስ ነገር ሁሉ ከመቶ በታች ነበር። ከተማችን ለሰማይ ስለቀረበች ውሃዋ ለመነሣት ብዙ አይለመንም። ይህን ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፤ ሁለቱም ግን አልሰሙኝም። አክስቴ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

“ሰዓቱ” አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማሞቂያው ላይ ያለው ሰዓት ቁጥሩ የሚጀምረው ከአርባ ነው፤ በበረዶ መፈተሽ አይቻልም። ስለዚህ በፈላ ውሃ ብቻ ነው የፈተሸችው። ሰዓቱ እውነቱን ተናግሮ ዘጠና ሁለት አላት፤ እሷ ደግሞ ልክ አይደለም ብላ ብሎኑን አዙራ መቶ አስባለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ስምንት ዲግሪ ይጨምራል። ጋሼ ሰባ ሁለት ብሎ ሲይዝ፣ ወተቱ የነበረው ስድሳ አራት ላይ ነው።

ጋሼ አፍንጫውን ዳበሰ። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። በመጨረሻ፣ “እንግዲያው አፍንጫዬ ደህና ነው” አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከሕመም እንደተነሣ ሰው።

“ለምን አፍንጫህን አልሰማህም?” አለች።

“አንቺ ነሽ ያስተካከልሽው።”

አክስቴ ተነሣች። ላፕቶፑ ላይ የተከፈተውን ሳጥን ባዶውን ዘጋችው፤ ከዜሮ እስከ መቶ ሃምሳ እንዲለካ ብቻ አዘዘችው። “ና ክፈትልኝ” አለችው፣ አብረው ወደ ማሞቂያው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ።

ቧንቧው ላይ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ተበይዷል፤ ዘንጉ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው፣ ወተቱን ሳይነካ። የዘንጉ የብሎን ጥርስ ላይ እንዳያፈስ ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ጠመጠመች፤ ዘንጉን አስገብታ ጫፉ ከቱቦው መጨረሻ መድረሱን በጣቶቿ አዳመጠች። ካልነካ በመካከል አየር ይቀራል፤ አየር ካለ ሙቀቱን ዘግይቶ ይሰማል። “እንደ ሥራ አስኪያጁ” አለ ጋሼ፤ ቀልዱ ተመልሶለት ነበር። በቁልፍ አጠበቀችው። ቀዮቹን ከቀዮቹ፣ ነጩን ከነጩ ቦታ አሰረች፤ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሄደውን ሽቦ ውሃ ተከትሎት እንዳይገባ ወደ ታች አጉብጣ አስገባችው። ከዚያ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብታ፣ እዚያ ያለውም ማያ ከዜሮ እስከ መቶ ሃምሳ መሆኑን አየች፤ ላኪና ተቀባይ ካልተስማሙ እውነት በመንገድ ላይ ይበላሻልና። ተመልሳ የትራንስሚተሩን ክዳን ገጠመችና ለጋሼ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እኔና እሷ ከመስታወቱ ጀርባ መቆጣጠሪያ ክፍል ገባን።

ጋሼ ውሃ አሳለፈ፣ ቀጥሎ ወተት። ሰዓቱ ቀስ እያለ ወጥቶ ሰባ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ ነገሩን ለማረጋገጥ፣ እንደ ልማዱ ያዘው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ማያ ላይ፣ በአረንጓዴ፣ ስድሳ አራት ተጻፈ።

ሥራ አስኪያጁ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ እሑድ ስለሆነ በሸሚዝ ብቻ። ማያውን አየ። በመስታወቱ አሻግሮ ጋሼን አየ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

“ስድሳ አራት” አለ። “እንዲህ ነው ሲያሳልፈው የከረመው ማለት ነው። አዝናለሁ እትዬ። ለእርስዎ ብዬ እንኳ…”

ጋሼ ሰምቶ ገባ። አክስቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። “ጌታዬ፣ እውነት ለመናገር፣ አልፎ አልፎ ኳስ…”

“ልክ አይደለም” አለች አክስቴ።

“እሜቴ፣ ተዪኝ ልጨርስ።”

“ምን ትጨርሳለህ? ውሸት መዋሸት እንኳ አትችልም፣ ጆሮህ ይቀላል።” ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። “ሰዓቱ ስምንት ዲግሪ ይጨምራል። ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። በፈላ ውሃ ፈትሼ መቶ አድርጌዋለሁ፤ እዚህ ከተማ ውሃ መቶ አይደርስም። እሱ የያዘው ሰዓቱ ያሳየውን ነው። ከክረምት ጀምሮ የተመለሰው ወተት በሙሉ የኔ ነው።”

ሥራ አስኪያጁ ከማያው ወደ እሷ ዞረ። “ውሃ መቶ አይደርስም?” አለ።

“በዘጠና ሁለት ይፈላል።”

“ለእኔም?”

“ለእርስዎም።”

ይህ እንደ እኔው አስደነገጠው መሰለኝ፤ ከክሱ ይልቅ ውሃው ላይ ቆየ። ከዚያ ሥራ አስኪያጅነቱ ተመለሰለት። ቧንቧው ውስጥ ያለው ወተት ይደፋ አለ። ሰዓቱ ዛሬውኑ ይውረድ አለ። ጋሼን፣ “ከቦታህ አትነቃነቅም፤ በአዲሱ ሰባ ሁለት ላይ ያዝ” አለው። ለአክስቴ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ “እርስዎ ቢሮ ይምጡ። ለቦርዱ ስደውል አጠገቤ ይቀመጡና ራስዎ ያስረዷቸው። ምን እንደሚሉ አላውቅም።” ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ጋሼ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። ወደ ማሞቂያው ተመልሶ እንፋሎቱን ጥቂት ከፈተ። ሰዓቱ ሰማንያ ሲል ማያው ላይ ሰባ ሁለት መጣ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ።

“እንዴት ነው?” አለችው ከበሩ።

“ወተት ወተት ይላል።”

አክስቴ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት እጁ ንጹሕ መሆኑን አያስታውስም።

“ነገ ስልኩ ሲደወል” አለችኝ፣ “የማሞቂያው ሰው ጥፋት አይደለም በይ።”

“የማን ነው ካሉኝስ?”

“የኔ ነው በይ። ቴክኒሻኗ ተሳስታ ነው፣ አስተካክላዋለች በይ። ነገሩን በግጥም እንዳታሽሞነሙኚው።”

“ያ እርጎ የደረሳቸው ሰውዬ ቢደውሉስ?”

ትንሽ አሰበች። “እሳቸውን እኔ ራሴ አናግራቸዋለሁ” አለች፤ ከዚያ ደግሞ፣ “ድምፃቸው ጨዋ ነው ብለሽ የለ?”

“በጣም።”

“የሚያስፈሩት እንደዚያ ያሉት ጨዋዎች ናቸው” አለችና የሥራ ልብሷን ኮሌታ አቃንታ ወጣች። በሁለቱ ታንኮች መካከል ባለው ጠባብ መንገድ፣ ረጥቦ በሚያዳልጠው ወለል ላይ፣ ሳትሮጥም ሳትዘገይም ሄደች። ጋሼ ከማሞቂያው አጠገብ፣ “እሜቴ፣ ድስቱንም አብረሽ ንገሪያቸው” አላት። እጇን ወደ ኋላ አወናጨፈችበት፤ አልዞረችም። ወደ ቢሮው የሚያወጣውን የብረት ደረጃ ያዘችና፣ ጫማዋ እያንዳንዱን እርከን እያስጮኸ፣ ከእኔ ራቀች።